ትራቨርቲን ወይስ እብነ በረድ? ብሎኩን ከመግዛታችሁ በፊት

ትራቨርቲንን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሕንፃ ነው። ወለል ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ግድግዳ ላይ። ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ መስመር መስመር ያለው፣ ብል የበላው እንጨት የመሰለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ። ታዲያ መሮ መያዝ የጀመረ ሰው አንድ ቀን ድንጋይ መሸጫ ግቢ ይገባና ጥግ ላይ የተጣለ ብሎክ አይቶ «ይሄማ ሐውልት ይወጣዋል» ይላል።

ይወጣዋል። ጥያቄው ምን ዓይነት ሐውልት የሚለው ነው። ብዙ ሰው ትራቨርቲን ላይ የሚማረረው ድንጋዩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያለቦታው ስለሚያስገባው ነው። እኔም አስገብቼው አውቃለሁ፣ እሱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እዚህ የማወዳድረው ትራቨርቲንን ከእብነ በረድ፣ ከኖራ ድንጋይ፣ ከአልባስጥሮስ፣ ከሳሙና ድንጋይና ከግራናይት ጋር ነው። እኩል ቦታ ግን አልሰጣቸውም። ሰው በትክክል የሚወዛገበው በትራቨርቲንና በእብነ በረድ መካከል ነው፣ ሌሎቹን በፍጥነት አልፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን ንገሩኝ

ስለ ጥንካሬው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱልኝ። ሥራው ሲያልቅ ሰው የሚያየው ከስንት ሜትር ላይ ሆኖ ነው?

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ እንግዳ እያነሳ የሚያገላብጠው፣ በጣቱ የሚዳብሰው ነገር ከሆነ ትራቨርቲን ብዙ ጊዜ አያዋጣችሁም። ግቢ ውስጥ የሚቆም፣ ከአምስት ከአሥር ሜትር የሚታይ ከሆነ ግን ከእብነ በረድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ይሄን ከኪሴ ያመጣሁት ሐሳብ አይደለም፣ የድሮዎቹ ሠርተው አሳይተውታል።

ሮም ውስጥ ፒያሳ ናቮና አደባባይ ላይ ጣሊያናዊው ቀራጺ በርኒኒ የነደፈው የአራቱ ወንዞች ፋውንቴን አለ፤ በ1651 ያለቀ ሥራ ነው። አራቱን ወንዞች የሚወክሉት ግዙፍ ሰዎች ነጭ እብነ በረድ ናቸው። የተቀመጡበት፣ ዋሻ ዋሻ የሆነው አለት ደግሞ ትራቨርቲን። ከላይ የቆመው ረጅሙ ኦቤሊስክ ግራናይት። ሦስት ድንጋይ፣ ሦስት ሥራ። ጡንቻ፣ ጣትና ጢም ለሚያስፈልገው እብነ በረድ ሰጡት፤ ሸካራ አለት መምሰል ላለበት ደግሞ ተፈጥሮው ራሱ ሸካራ የሆነውን። የትሬቪ ፋውንቴንም በዚያው መንገድ ነው የተሠራው፤ ከጀርባ ያለው ግንብና አለቱ ትራቨርቲን፣ ሰዎቹ እብነ በረድ።

ታዲያ ትራቨርቲን ሰው አይወጣውም ማለት ነው? ይወጣዋል እንጂ። እዚያው ሮም የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይን በከበቡት ዓምዶች አናት ላይ የተደረደሩት 140 የቅዱሳን ሐውልቶች ትራቨርቲን ናቸው። ግን እያንዳንዳቸው ቁመታቸው ከ3 ሜትር ያልፋል፣ የቆሙትም ከሰው ጭንቅላት በጣም ከፍ ብለው ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ከታች ለሚያይ ሰው ቅዱሱ ጉንጭ ላይ ያለችው የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አትታየውም። የሚታየው የልብሱ ትልልቅ እጥፋት፣ የትከሻው አቋም፣ ከሰማዩ ተለይቶ የሚወጣው ቅርጽ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል እንግሊዛዊው ቀራጺ ሄንሪ ሙር ፓሪስ ለሚገኘው የዩኔስኮ ዋና መሥሪያ ቤት በ1957 እና 1958 የሠራው ጋደም ያለ ምስል አለ፤ 5 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የሮም ትራቨርቲን ነው። እሱ ላይ የዐይን ሽፋሽፍት ፍለጋ አትሂዱ። ያለው ጉብታ፣ ክፍተትና ጥላ ነው። ድንጋዩን በጠባዩ ነው የያዘው።

ቀዳዳው ከየት መጣ?

ይሄን ክፍል መዝለል ያማራችሁ ታግሳችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱም ኋላ የምላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ትራቨርቲን ከምንጭ የሚወለድ ድንጋይ ነው። ኖራ ያዘለ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ ፍል ውሃ፣ ከመሬት ሲወጣ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመልጣል፤ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ማለት ነው። ጋዙ ሲሄድ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት ውሃው ውስጥ መቆየት ያቅተውና ይዘቅጣል፣ እየተጋገረ ይጠነክራል። ሥር የነበረው አልጌና ቄጠማም አብሮ ይጋገራል። ቆይቶ ተክሉ በስብሶ ይጠፋና ቦታው ባዶ ይቀራል። የጋዝ አረፋውም እንደዚሁ የራሱን ጉድጓድ ጥሎ ይሄዳል። በላዩ ሌላ ንጣፍ፣ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። በውሃው ውስጥ ብረት ካለ ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ መስመር ይወጣል። ስሙ ራሱ የመጣው ዛሬ ቲቮሊ ከምትባለው፣ የጥንት ሮማውያን ቲቡር ከሚሏት ከተማ ነው፤ ኮሎሲየም የሚባለው የሮም ጥንታዊ ስታዲየም ዋናው ድንጋዩ የመጣው ከዚያ ነው።

እብነ በረድስ? ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው! የኖራ ድንጋይ መሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተቀቅሎ እንደ አዲስ ሲረጋ እብነ በረድ ይሆናል። ስትሰብሩት ስብራቱ እንደ ስኳር ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ቀዳዳ የለውም።

ስለዚህ «ትራቨርቲን ከእብነ በረድ ይለሰልሳል» የሚላችሁን ሰው ብዙም አትስሙት። ሁለቱም ከአንድ ማዕድን ስለሆኑ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 3 አካባቢ ናቸው። ልዩነቱ ሰውነታቸው ላይ ነው። አንዱ ድፍን ነው፣ ሌላው እንደ ዳቦ ውስጡ ባዶ ባዶ አለው። ትራቨርቲን ላይ መሮው ቶሎ የሚሄደው ድንጋዩ ለስልሶ ሳይሆን የሚመታው ነገር ስለሚያንስ ነው።

የአፍንጫዋ ነገር

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ 40 ሴንቲ ያህል ቁመት ያለው የትራቨርቲን ብሎክ ገዛሁ። ፊቱ ልስልስ ያለ ነው፣ ቀዳዳው ጥቂት። ደስ አለኝ። የአሮጊት ፊት ላወጣበት አሰብኩ፣ ግንባሯ የተሸበሸበ፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ። ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ ማታ ማታ ለፋሁበት። ግንባሩ መጣ፣ ጉንጩ መጣ። ጥርስ ባለው መሮ የአፍንጫዋን ጎን እያወረድኩ ሳለ ድምፁ ተለወጠ። «ቂው ቂው» ይል የነበረው «ዱፍ» አለ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። አንድ ጊዜ ደግሜ መታሁና የአፍንጫዋ ጫፍ ከነጎኑ ተገንጥሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ከኋላው አውራ ጣቴን የሚውጥ ጉድጓድ አለ። ግድግዳው ላይ ደቃቅ ክሪስታል በቅሎ እንደ በረዶ ያብረቀርቃል። ደግሞ ማማሩ!

ከዚያ ብሎኩን አገላብጬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ውጭው «ጥቂት ቀዳዳ» የነበረው ቀዳዳ ስለሌለው አልነበረም፤ በድንጋዩ ቀለም ስቱኮ ተሞልቶ በግራይንደር ተልጎ ነው። የሸጠልኝ ሰው ጋ ሄጄ ብጮህበት «ትራቨርቲን እኮ ነው፣ ምን ጠብቀህ ነው?» አለኝ። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብሎክ ስገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ለእብነ በረድም ይሠራል፣ ለትራቨርቲን ግን ግዴታ ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ይዤ እሄዳለሁ። ድንጋዩን ሙሉ አርሰውና ሲደርቅ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ስንጥቅ ካለ ሌላው ደርቆ እሱ ብቻ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቆያል። ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ደግሞ ውሃውን እንደ ድንጋዩ ስለማይጠጣ በቀለሙ ራሱን ያጋልጣል። ቀጥዬ ብሎኩን ሁለት እንጨት ላይ አስቀምጬ በትንሽ መዶሻ ስንዝር በስንዝር እያንኳኳሁ እዞረዋለሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ የሰጠውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ትልልቁ ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ሰድጄ ጥልቀቱን እለካለሁ። ስድስቱንም ፊት ሳላይ አልከፍልም፤ መሬት የነካው ፊት ላይ ነው ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው። ሻጩ «ከባድ ነው፣ አይገለበጥም» ካለኝ ሌላ ሻጭ እፈልጋለሁ።

አንድ የራሴ መመዘኛም አለኝ፣ ሳይንስ አይደለም፣ ግን አላሳፈረኝም። ብሎኩ ላይ በብዛት ከሚታየው ቀዳዳ ትልቁን እወስዳለሁ፣ ልሠራ ካሰብኩት ነገር ደግሞ ትንሿን ዝርዝር። ትንሿ ዝርዝር ከቀዳዳው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ካልበለጠች ያንን ሥራ በዚያ ድንጋይ አልጀምርም። ቀዳዳው 1 ሴንቲ ከሆነና የከንፈሩ ውፍረት 1 ሴንቲ ተኩል ከሆነ፣ በቃ፣ ወይ ፊቱን ማተለቅ ነው ወይ ድንጋዩን መቀየር።

መሮ ሲያርፍባቸው

እብነ በረድን ስትመቱት ይመልስላችኋል። ሹል መሮ በ45 ዲግሪ አካባቢ አጋድማችሁ ስትመቱ ቁራጩ ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ መስመሩ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ይቀራል። ቀጥ አድርጋችሁ ፊቱን ከመታችሁት ግን ይበልዛል። አዎ፣ እንደ ሰው ሥጋ። ክሪስታሉ ውስጥ ለውስጥ ይደቅና ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ ያ ነጥብ ደግሞ ላዩን አለስልሳችሁ ጨረስኩ ስትሉ ብቅ ይላል፣ ለማጥፋት ከሥሩ መብላት ነው ያለው አማራጭ። እብነ በረድ ላይ የመጨረሻውን ጥቂት ሚሊ ሜትር በሹል መሮ የማይነኩት ለዚህ ነው፣ ለጥርሱና ለጠፍጣፋው መሮ፣ ከዚያም ለሞረዱ ይተዉታል።

ትራቨርቲን ላይ ብልዘት ብዙ አያስጨንቅም፣ ሸካራው ይደብቀዋል። እሱ የሚያስጨንቀው የቀዳዳው ከንፈር ነው። ጥርስ ያለው መሮ ቀዳዳ አፍ ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ይዞት ይሄዳል፤ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ባቄላ ታህላለች። ስለዚህ ምቱ ቀለል፣ መሮው ጋደም፣ አቅጣጫው ሁልጊዜ ከጠርዝ ወደ ድንጋዩ ሆድ። ወደ ውጭ ከመታችሁ ጠርዙን ተሰናበቱት። ትልልቅ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ቀጭን ጠርዝ ማውጣት ካለብኝ እኔ መጀመሪያ ቀዳዳውን በኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ እና በራሱ በድንጋዩ ዱቄት እሞላለሁ፣ ሲደርቅ አብሬ እጠርበዋለሁ። ማጭበርበር ነው የሚል ካለ ይበል፣ እኔ አፍንጫ ከእግሬ ሥር ማንሳት አልፈልግም።

ዲያመንድ ዲስክ የገባበት ግራይንደር ሁለቱንም በቀላሉ ይቆርጣል። ትራቨርቲን ላይ እንዲያውም ከመሮ ይልቅ ግራይንደር ከንፈሩን ሳይገነጥል የሚያልፍበት ጊዜ ይበዛል፣ መደብደብ ስለሌለ። ከብረት በጣም የሚጠነክር የቱንግስተን ካርባይድ ጫፍ ያለው መሮ ካላችሁ መልካም፤ ከሌላችሁም ለሁለቱም ተራው የብረት መሮ ይበቃል፣ እየሳላችሁ።

ማለስለስ ላይ ሲደረስ መንገዳቸው ጭራሽ ይለያያል። እብነ በረድ የብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው ወደ ልሙጡ፣ ከ80 ወደ 120፣ ወደ 220፣ ወደ 400፣ ከዚያም በላይ ደረጃ በደረጃ ስትወጡት እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ጥሩው ነጭ እብነ በረድ ብርሃንን ትንሽ ወደ ውስጡ ስለሚያስገባ ጉንጭ ሲሠራበት ደም ያለው ይመስላል። ትራቨርቲን ይሄ የለውም። ብርሃኑ ላዩ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ይጠፋል። ቢወለወልም ይወለወላል፣ ግን አብረቅራቂ ወለል መሀል ጥቁር ነጠብጣብ ሲበዛ የቆሸሸ ነው የሚመስለው። እኔ 220 ላይ ወይም ቢበዛ 400 ላይ አቆማለሁ። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ስታለሰልሱ የሚወጣው ዱቄት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይጋገርና ሥራው ሊጥ የተቀባ ይመስላል። በውሃና በብሩሽ ካላጠባችሁት ያንን ደብዛዛ ነገር «የድንጋዩ መልክ ነው» ብላችሁ ልትቀበሉት ትችላላችሁ።

መስመሩ ይተኛ ወይስ ይቁም?

እብነ በረድ ላይ ይሄ ጥያቄ አለ፣ ግን አይጮህም። ትራቨርቲን ላይ ግን ግማሹ ውሳኔ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ድንጋዩ ንጣፍ በንጣፍ ስለተጋገረ ብሎኩን እንዴት እንደምታቆሙት መልኩንም ጥንካሬውንም ይወስነዋል። መስመሩን አስተኝታችሁ፣ ማለትም መሬት ውስጥ እንደነበረው አድርጋችሁ፣ ክብ ነገር ብትጠርቡበት መስመሮቹ ቅርጹን እንደ ካርታ የከፍታ መስመር ይዞሩታል። ጭንቅላት ከሆነ አናቱ ላይ ቀለበት በቀለበት ይሆናል፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ። እኔ ይሄን በጣም እወደዋለሁ፤ ምንም ያላጌጠ እንቁላል ቅርጽ እንኳ ሕይወት ያገኛል። ለሸክምም ይሄ አቀማመጥ ጥሩ ነው። ችግሩ ቀጭን አንገት ወይም ቁርጭምጭሚት ሲኖር ነው፤ ንጣፎቹ እንደ ተደረደረ ሳህን ስለሚሆኑ ከጎን አንድ ግፊት ሲመጣ አንዱ ንጣፍ ላይ ቀንጠስ ይላል።

መስመሩን ካቆማችሁት ረጅም ቅርጽ ይበልጥ ረጅም ይመስላል፣ የልብስ እጥፋትም ከመስመሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። አንገቱም ለጎን ግፊት የተሻለ ይጠነክራል። ግን ውጭ ዝናብ ላይ የሚቆም ከሆነ ውሃው በንጣፎቹ መካከል ከላይ ወደ ታች ሰተት ብሎ ይገባል፣ ቅርፊት በቅርፊት መላቀቅም ሊያመጣ ይችላል። እኔ መስመሩን የማቆመው ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሥራ ነው።

ወደ ጎን የተዘረጋ እጅስ? ትራቨርቲን ላይ አትዘርጉ። እውነቴን ነው። እጁን ከሰውነቱ ጋር አጣብቁት፣ አገጩን ከደረቱ አቅርቡት፣ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ተዉት። የተጠቀለለ፣ የተኮራመተ፣ የተቀመጠ ነገር ለዚህ ድንጋይ ይስማማዋል። የተዘረጋ እጅ ካማራችሁ እብነ በረድ ግዙ፤ እሱም ቢሆን እጁን በሆነ ነገር ደግፉት።

ሌሎቹን በአጭሩ

የኖራ ድንጋይ። ለጀማሪ የምመክረው ይሄን ነው። ጥሩው ዓይነት ደቃቅና ወጥ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ይጠረባል፣ ቀዳዳው የለም ማለት ይቻላል። ትራቨርቲን ያማራችሁ ለቀለሙ ብቻ ከሆነ፣ ክሬም መልኩን ወዳችሁት መስመሩና ቀዳዳው ግን እያስጨነቃችሁ ከሆነ፣ ልባችሁ የሚፈልገው የኖራ ድንጋይ ነው። እንደ እብነ በረድ አያብረቀርቅም። አንዳንዱ ውስጥ ቅሪተ አካልና ጠጣር ባልጩት አለ፣ መሮ ያጎብጣል።

አልባስጥሮስ። ቀናውን ተናግሮ ማለፍ ይሻላል፤ ቆንጆ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ግን ውጭ አይቀመጥም። ለቅርጽ የሚሸጠው አብዛኛው ጂፕሰም ስለሆነ ውሃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በጥፍር ይጫራል። ሻጩ የሰጣችሁ ምን እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ጥፍራችሁንና ጠብታ አቼቶ ተጠቀሙ፤ ጥፍር ከጫረውና አቼቶው ዝም ካለ ጂፕሰም ነው፣ ጥፍር ካልበገረውና አቼቶው አረፋ ካወጣ የካልሳይት፣ ማለትም የካልሲየም ካርቦኔት፣ ወገን ነው። ትራቨርቲንም እብነ በረድም አረፋ ያወጣሉ። ሎሚና አቼቶ የሚፈስበት ቦታ ላይ ሁለቱንም የማይመክሩትም ለዚሁ ነው።

የሳሙና ድንጋይ። በሞረድና በቢላ የሚሠራ፣ ልጅ እንኳ የሚጠርበው። ትንሽ ነገር ለመሥራት፣ እጅ ለማፍታታት አሪፍ ነው። አንድ ግን አለው፤ አንዳንዱ ውስጡ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ የአስቤስቶስ ክር ሊኖር ስለሚችል ከየት ካባ እንደወጣ የማታውቁትን በደረቁ አትፍጩ።

ግራናይት። በሞስ መለኪያ 6 እና ከዚያ በላይ ነው። ካርባይድና ዲያመንድ ይፈልጋል፣ ትከሻም ይፈልጋል። የጥንት ግብፃውያን በድንጋይ ኳስ እየደበደቡ ነው ያሸነፉት፤ እናንተ ያን ያህል ጊዜ ካላችሁ እኔ ምን አገባኝ። ለዘመናት ደጅ ላይ እንዲቆም የምትፈልጉት ነገር ካለ ግን እዚህ ካነሳኋቸው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

አቧራውና ሸክሙ

ግራናይትና የአሸዋ ድንጋይ ኳርትዝ አላቸው፣ ደቃቁ አቧራቸው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ትራቨርቲንና እብነ በረድ በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ይሻላሉ ማለት ግን ይተነፈሳሉ ማለት አይደለም። ግራይንደር ሲነሳ ፊት ላይ ግጥም የሚል የአቧራ ማስክ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ፣ ከተቻለም ውሃ እየረጫችሁ ቁረጡ። ያች ስስ የጨርቅ ማስክ ለደቃቅ አቧራ ምንም አትሠራም።

ክብደቱን ደግሞ ሰው አቅልሎ ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ጎኑ 30 ሴንቲ የሆነ የእብነ በረድ ኩብ 73 ኪሎ አካባቢ ነው። ያው መጠን ትራቨርቲን እንደ ቀዳዳው ብዛት 65 ኪሎ ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ይታያል። ጎኑን ወደ 40 ሴንቲ ስታሳድጉት ግን እብነ በረዱ 173 ኪሎ፣ ትራቨርቲኑ 154 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፤ ሁለቱንም ብቻችሁን አታነሱትም። ጠረጴዛችሁ መሸከሙን የምታጣሩት ድንጋዩ ከመምጣቱ በፊት ይሁን።

ደጅ ሲያድር

ሁለቱም አሲድ ያለበት ዝናብ ይበላቸዋል፤ ያው ማዕድን ናቸው አልኩ። ልዩነቱ ጉዳቱ ሲታይ ነው። እብነ በረድ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ የደከማችሁበት ልስላሴ ነው፣ ላዩ እንደ ስኳር መፈርፈር ይጀምራል፣ የከንፈር መስመር ይደበዝዛል። ትራቨርቲን ድሮም ልስላሴ ስላልነበረው የሚያጣው ትንሽ ነው። አሮጌ ሲሆን አሮጌነቱ ያምርበታል። ቀዳዳው ውስጥ ግን አፈር፣ ጥቁር እድፍና አረንጓዴ ነገር ይሰፍራል፣ አልፎ አልፎ ማጠብ ነው፤ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ፣ አሲድ ባለበት ማጽጃ ሳይሆን።

ውርጭ ባለበት ቦታ ሌላ ሐሳብ አለ። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ይለጠጣል። ወደ ላይ አፉን ከፍቶ ውሃ የሚያቁር ቀዳዳ በውርጭ ሌሊት ከንፈሩን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ብቻ እሞላለሁ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች የተከፈተውን ተዉት፣ ውሃው ይውጣ። ለደጅ የምሞላው በነጭ ሲሚንቶና በድንጋዩ ዱቄት ነው፤ ፖሊስተር ያለበት ማስቲክ፣ ማለትም የድንጋይ መሙያ ሊጥ፣ ፀሐይ ላይ እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ሐውልቱ ጥርሱ የተሞላ ሰው ይመስላል። ቤት ውስጥ ለሚቆመው ማስቲኩም ኢፖክሲውም ችግር የለውም። ሁሉንም ቀዳዳ ሞልታችሁ ልስልስ የማድረግ ሐሳብ ካላችሁ ግን ቆም በሉ፤ ከመጀመሪያው ኖራ ድንጋይ መግዛት ይቀል ነበር።

እኔ ብሆን

ፊት፣ እጅ፣ ጨርቅ፣ በቅርብ የሚታይ የሰው ገላ ከሆነ እብነ በረድ፣ ያለ ክርክር። ለመማር ከሆነ የኖራ ድንጋይ። ከ60 ሴንቲ በላይ የሆነ፣ የተጠቀለለ፣ ዝርዝሩ ያነሰ፣ ደጅ የሚቆም እንስሳ ወይም ረቂቅ ቅርጽ ከሆነ ትራቨርቲን፣ መስመሩ ተኝቶ። ወፍ? ክንፏን ካጠፈች ትራቨርቲን፣ ከዘረጋች እብነ በረድ። ዓሣ፣ ዔሊ፣ የተኛ ውሻ፣ ለሽ ያለች ድመት፤ እነዚህ ሁሉ ለትራቨርቲን የተፈጠሩ ናቸው። ዔሊዋ ላይማ ቀዳዳው ሥራ ይቀንስላችኋል።

አሁንም መወሰን ካቃታችሁ ንጣፍ ከሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ ከሁለቱም ወፈር ወፈር ያለ ቁራጭ ለምኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚጥሉት ነው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ሥሩ፣ ለምሳሌ የእጃችሁን አውራ ጣት ከነጥፍሩ። አንድ ማታ ይበቃል። በማግሥቱ ሁለቱን መስኮት ላይ አስቀምጡና መጀመሪያ በክንድ ርቀት፣ ከዚያ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆናችሁ እዩአቸው።

የኔዋ አሮጊት አልተጣለችም፣ ለሚጠይቀኝ። አፍንጫዋን አልቀጠልኩላትም፤ ይልቅ ከንፈሩንም ዐይኑንም ወደ ኋላ አስገብቼ ፊቱን ግንባርና ጉንጭ ብቻ አደረግሁትና አጥሩ ሥር አቆምኳት። በር ላይ ሆኖ ለሚያያት ሰው ወደ ታች ያቀረቀረች ሴት ናት። ጠጋ ብሎ የሚያያት የሚያገኘው ጉድጓድ ነው፣ አሁን ሸረሪት ገብታበታለች።